ሩዶልፍ ዲዝልና ጭስ ያልነበረው ሞተር

በዓለም ላይ ስማቸው የዕቃ መጠሪያ ሆኖ የቀረ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ከእነዚህም አንዱ ሩዶልፍ ዲዝል ነው። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ነዳጁ ናፍጣ እየተባለ ስለሚጠራ፣ የሰውየው ስም ከመኪና ሊብሬና ከመለዋወጫ ዕቃ መዝገብ አልፎ እምብዛም አይነሣም። ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና፣ ከመርካቶም በአጠና ተራ በኩል ወደ ኮልፌ የሚመላለሰው ሕዝብ ከሚሳፈርባቸው ታክሲዎችና አውቶቡሶች ብዙዎቹ በዚህ ሰው ሐሳብ የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ ዳገቱን ሲወጡ የሚለቁትን ጥቁር ጭስ የሚተነፍሰውም ይኸው ሕዝብ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ከሚገኙት ሰፈሮች አንዱ አየር ጤና የሚል ስም የያዘ መሆኑ፣ በመንገዱ ዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው የሚያስተዛዝብ ነገር ነው።

ጭሱን ብቻ የሚያይ ሰው፣ ሞተሩን የፈለሰፈው መሐንዲስ ስለ ከተማና ስለ አየር ደንታ ያልነበረው መስሎ ሊታየው ይችላል። የሩዶልፍ ዲዝል የሕይወት ታሪክ የሚያስረዳው ግን ከዚህ የተለየውን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ዲዝል ማርች 18 ቀን 1858 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከባቫርያ ወደ ፈረንሳይ የፈለሱ ጀርመናውያን ሲሆኑ፣ አባቱ ቴዎዶር ዲዝል መጽሐፍ ጠራዥና የቆዳ ዕቃ ሠሪ ነበር። ኑሮአቸው ከእጅ ወደ አፍ ስለ ነበር፣ ልጁ ገና በለጋ ዕድሜው በአባቱ ሱቅ የተሠራውን ዕቃ በእጅ ጋሪ እየገፋ ለደንበኞች ያደርስ ነበር። በትርፍ ጊዜው ይመላለስባቸው ከነበሩት ቦታዎች አንዱ የፓሪስ የዕደ ጥበባት ሙዚየም ነው። በዚያም ኩኞ የተባለው ፈረንሳዊ በ18ኛው መቶ ዓመት የሠራው፣ በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ ባለ ሦስት ጎማ ሠረገላ ይታይ ነበር። በሞተር ኃይል ከሚንቀሳቀሱት ተሽከርካሪዎች ሁሉ አያት የሆነው ይህ ሠረገላ ዛሬም በዚያው ሙዚየም ይገኛል።

በ1870 በፈረንሳይና በፕሩስያ መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ጀርመናውያን ከፓሪስ እንዲወጡ ስለ ታዘዘ፣ ቤተ ሰቡ ያፈራውን ጥሎ ወደ ሎንዶን ተሰደደ። ሎንዶን በዚያን ጊዜ በድንጋይ ከሰል ጭስ የተሸፈነች ከተማ ነበረች። ወላጆቹ ልጁን በዚያ አስተምሮ ለማሳደግ አቅም ስላነሳቸው፣ ገና በ12 ዓመቱ የአባቱ የትውልድ ከተማ ወደሆነችው ወደ አውግስቡርግ ብቻውን ላኩት። እዚያም ክሪስቶፍ ባርኒክል ከሚባል የሒሳብ መምህር ቤት ተቀምጦ ትምህርቱን ቀጠለ። በ14 ዓመቱ መሐንዲስ ለመሆን የቆረጠ መሆኑን ለወላጆቹ ጽፎ አስታወቀ። ወላጆቹ ቶሎ ሥራ ይዞ እንዲረዳቸው ይፈልጉ ነበርና ሐሳቡን አልወደዱትም። እሱ ግን በውጤቱ ብልጫ በ1875 የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ሙኒክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባ።

የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነው ነገር የተገኘው በሙኒክ ነው። የማቀዝቀዣ መሣሪያን በመፈልሰፍ የታወቀው ፕሮፌሰር ካርል ፎን ሊንደ ስለ ሙቀትና ስለ ሥራ ዝምድና ሲያስተምር፣ በዘመኑ የነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች ከከሰሉ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጡት ከመቶ ከ6 እስከ 10 እጅ ብቻ መሆኑን ለተማሪዎቹ አስረዳ። የቀረው ከመቶ 90 እጅ የሚሆነው ከጭስ ማውጫው ጋርና ከማቀዝቀዣው ውኃ ጋር ይባክናል ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ ግን በ1824 ባሳተመው ጥናት ከሙቀት የሚገኘው ሥራ ወሰኑ ከዚህ እጅግ የላቀ መሆኑን አመልክቶ ነበር። በዚህ በሆነውና ሊሆን በሚችለው መካከል ያለው ገደል ወጣቱን ተማሪ ዕረፍት ነሣው። ሌሎቹ ተማሪዎች ይህን ለፈተና አጥንተውት ሲያልፉ ዲዝል ግን ዕድሜውን ሁሉ ተሸክሞት ዞረ። የመመረቂያ ፈተናውን በ1879 መውሰድ ሲገባው በታይፎይድ ትኩሳት ስለ ታመመ ቀጣዩን ፈተና ሲጠብቅ በስዊስ አገር በሱልዘር ወንድማማቾች ፋብሪካ የእጅ ሥራ ተለማመደ። በ1880 መጀመሪያ ላይም በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ።

ቀጥሎ ያሉት 10 ዓመታት በአብዛኛው የደመወዝ ሥራ ዓመታት ናቸው። በፓሪስ የመምህሩ የሊንደ የበረዶ ፋብሪካ መሐንዲስ፣ ጥቂት ቆይቶም ሥራ አስኪያጅ ሆነ። በ1883 ማርታ ፍላሸ የተባለች ጀርመናዊት አግብቶ ሦስት ልጆች ወለደ። ማታ ማታ ግን በውኃ እንፋሎት ፈንታ በአሞንያ ተን የሚሠራ ሞተር ለመሥራት ብዙ ደከመ። ሙከራው አልሰመረም፤ ሆኖም ከዚህ ድካም ከፍተኛ እመቃን በብረት ውስጥ ማስተናገድን ተማረ። በ1890 ወደ በርሊን ከተዛወረ በኋላም ትኩረቱን ከተን ወደ ተራው አየር መለሰ።

ያገኘው ሐሳብ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፖምፓ የነፋ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው አየር ሲታመቅ ይግላል። በሲሊንደር ውስጥ ያለው ንጹሕ አየር በኃይል ከታመቀ ግለቱ ነዳጅን ለማቀጣጠል ይበቃል፤ ነዳጁ በዚያች ቅጽበት ቢረጭበት ያለ ካንዴላና ያለ ሌላ ማቀጣጠያ በራሱ ይነድዳል። እመቃው በበረታ መጠን ከሙቀቱ ወደ ሥራ የሚለወጠው እጅ ይጨምራል። ዲዝል ይህን ሐሳብ በ1892 በበርሊን የፓተንት መሥሪያ ቤት አስመዘገበ፤ በተከታዩ ዓመትም መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከሒሳቡና ከሥዕሉ ይልቅ ዛሬ የኮልፌን መንገድ ለሚያውቅ መሐንዲስ ትኩረት የሚስበው ስለ ከተማ የተጻፈው ክፍል ነው። የእንፋሎት ሞተር ትልቅ ካልሆነ አያዋጣም፤ ትልቅ ሞተር ደግሞ ትልቅ ፋብሪካ፣ ትልቅ ፋብሪካም የተጨናነቀ ከተማ ይፈጥራል። አነስተኛው ባለ እጅ ሥራ ከዚህ ውድድር ውጭ ሆኖ ይጠፋል። ዲዝል የተመኘው ሽማኔውና አናጢው በየቤቱ ሊተክለው የሚችል፣ ነዳጅ የማያባክን ትንሽ ሞተር ነበር። በዚህም ምክንያት አነስተኛ ኢንዱስትሪ አየር፣ ብርሃንና ቦታ ከጠፋበት ከትልቅ ከተማ ወጥቶ ወደ ዳርቻውና ወደ ገጠር እንዲበተን አሳሰበ። ሞተሩ በኋላ የዓለምን ከተሞች አየር የሚያጠቁር መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ክፍል ቀላል ንባብ አይደለም።

ሐሳቡን ወደ ብረት ለመለወጥ የአውግስቡርግ የሞተር ፋብሪካና የክሩፕ ኩባንያ ገንዘብ አወጡ። የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው ኦገስት 10 ቀን 1893 ነው። ነዳጁ በእመቃ ኃይል ብቻ በርግጥም ተቀጣጠለ፤ ነገር ግን ግፊቱ ከተጠበቀው በላይ ሆኖ መለኪያው መሣሪያ ፈነዳ፤ በአጠገቡ የነበሩትም ለጥቂት ተረፉ። ሞተሩ ያለ ውጭ ኃይል ለአንድ ደቂቃ ያህል የዞረው በ1894 መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት የፈጀው ሥራ ዋና ችግሩ ነዳጁን በትክክለኛው ጊዜና በትክክለኛው መጠን አድቅቆ መርጨት ነበር። ነዳጁ ሳይደቅቅ በጠብታ ሲገባ ከአየሩ ጋር አይዋሐድም፤ ውጪው ብቻ ነድዶ ውስጡ ወደ ጥቀርሻነት ይለወጣል። ዲዝል ጥቀርሻውን ያየው እንደ ቆሻሻ ብቻ አልነበረም። ጭስ ማለት ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ ማለትም በገንዘብ ተገዝቶ የተጣለ ኃይል መሆኑን ያውቅ ነበርና እያንዳንዱን የጭስ ምልክት እንደ ሥራው ጉድለት ቆጠረው። በመጨረሻም ነዳጁን በታመቀ አየር እየነፉ የማስገባት ዘዴ መፍትሔ ሆነለት።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897 ከሙኒክ የመጣው ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር ሞተሩን በይፋ መረመረው። 20 የፈረስ ጉልበት ያህል የነበረው፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሚጠጋው ይህ ሞተር ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 26.2 እጁን ወደ ሥራ ለወጠ። ከእንፋሎት ሞተር ጋር ሲነጻጸር በአንድ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጁን ወር ዲዝልና ሽሮተር በካሰል ከተማ በተደረገው የጀርመን መሐንዲሶች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ውጤቱን ለሙያ ጓደኞቻቸው አቀረቡ። አዲሱ ሞተር ዓለም አቀፍ ዝና ያገኘው ከዚህ ጉባኤ ወዲህ ነው። ሞተሩም ዛሬ በሙኒክ በጀርመን ሙዚየም ይገኛል።

ዝናው ገንዘብ አስከተለ። አሜሪካዊው የቢራ ጠማቂ አዶልፈስ ቡሽ የአሜሪካን መብት ብቻ በአንድ ሚሊዮን ማርክ ገዛ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደመወዝ ያድር የነበረው መሐንዲስ ባለ ሚሊዮን ሆነ። ነገር ግን በአንድ ጥሩ ሞተርና በመቶ ጥሩ ሞተሮች መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። በአውግስቡርግ በስሙ የተቋቋመው ፋብሪካ ለደንበኞች ያስረከባቸው ሞተሮች እየተበላሹ ተመለሱ፤ ፋብሪካውም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ዲዝል በድካምና በጭንቀት ብዛት ታምሞ ከ1898 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት በሕክምና ላይ ተቀመጠ። ስለ እሱ የሚጻፉት አንዳንድ ጽሑፎች ይህን ዘመን ዘልለውት ያልፋሉ፤ ነገር ግን የሰውየው የኋላ መከራ ሥሩ የተተከለው በዚህ ጊዜ ነው።

በ1900 በፓሪስ በተከፈተው ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን የዲዝል ሞተር ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። በዚሁ ኤግዚቢሽን ላይ ከቀረቡት ሞተሮች አንዱ ምንም ለውጥ ሳይደረግበት በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ሐሳቡ የመነጨው ከፈረንሳይ መንግሥት ሲሆን፣ ምክንያቱም በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ለውዝ በብዛት ስለሚበቅል በዚያው አገር ምርት በዚያው አገር ኃይል ለማግኘት ነበር። ዲዝል ይህን ጉዳይ አልረሳውም፤ በ1912 ስለ አትክልት ዘይት በሰፊው ተናግሯል። ኑግና ጉሎ በሚበቅልበት፣ የናፍጣው ጠብታ ሁሉ ግን ከባሕር ማዶ ተገዝቶ በሚገባበት በኢትዮጵያ ጉዳዩ በአፍታ የሚታለፍ አይደለም፤ እርግጥ የምግብ ዘይት ራሱ በተወደደበት አገር ዘይትን ለሞተር ማዋል ሌላ ጥያቄ ያስከትላል።

ጭስ አልባ መሆኑ በዚያን ዘመን ከሞተሩ ምስጋናዎች አንዱ ነበር። በ1912 ሥራ የጀመረችው ሴላንድያ የተባለች የዴንማርክ የውቅያኖስ መርከብ በናፍጣ ሞተር የምትሄድ በመሆኗ ትልቁ ጭስ ማውጫ አልነበራትም። በየወደቡ የተሰበሰበው ሕዝብ ያለ ጭስ ማውጫ የምትጓዝ መርከብ አይቶ ተደነቀ። ለከሰል ዘመን ሰው የዲዝል ስም የንጽሕና ምልክት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዲዝል ራሱ ግን ሞተሩን ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀ አድርጎ አይመለከተውም ነበር። በ1903 ሶሊዳሪስሙስ የተሰኘ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ሠራተኞች በየጥቂቱ ባዋጡት ገንዘብ የራሳቸውን ፋብሪካ የሚያቋቁሙበትን ሥርዓት ነደፈ። ከታተሙት 10,000 ቅጂዎች የተሸጡት በጥቂት መቶ የሚቆጠሩ ብቻ ነበሩ። አሠሪውም ሠራተኛውም ችላ አለው። የማኅበራዊውን ችግር መፍትሔ ማግኘቱ ሞተሩን ከመፈልሰፉ እንደሚበልጥ ለገዛ ልጁ ገልጾ ስለ ነበር የመጽሐፉ ዕጣ እጅግ ሳያሳዝነው አልቀረም። በአንጻሩ የእንፋሎት ሞተርን ግዙፍነት ለመሻር ያሰበው ሞተር በትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ገብቶ፣ በመርከብ፣ በኃይል ማመንጫና በባሕር ሰርጓጅ የጦር መርከብ ላይ ከቀን ወደ ቀን እየገዘፈ ሄደ። ለሽማኔውና ለአናጢው የታሰበው ሞተር ለሽማኔውና ለአናጢው አልደረሰም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት የጨለሙ ናቸው። ዲዝል በነዳጅ ጉድጓድና በመሬት ንግድ ላይ ያዋለው ሀብት ጠፋ፤ የፓተንቱ ዘመንም አለቀ። በኖቬምበር 1912 በበርሊን በመርከብ መሐንዲሶች ጉባኤ ላይ የሞተሩን አፈጣጠር ታሪክ ሲያቀርብ፣ የሙያው አንጋፋ ፕሮፌሰሮች የፈጠራው ክብር ለእሱ ሳይሆን ለፋብሪካዎቹ ነው በማለት ፊት ለፊት ተቃወሙት። በዚህ ክርክር እውነት ከሁለቱም ወገን ይገኛል። የ1892ቱ ፓተንትና በ1897 የቆመው ሞተር በብዙ ነገር አይመሳሰሉም፤ ሆኖም ያለ መጀመሪያው ሁለተኛው አይገኝም ነበር።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ዲዝል በእንግሊዝ አገር የሚቋቋመውን አዲስ የሞተር ፋብሪካ ጉዳይ ለመከታተል በአንትወርፕ ወደብ ድሬስደን በተባለች መርከብ ከሁለት የሥራ ጓደኞቹ ጋር ተሳፈረ። አብረው እራት በሉ፤ በመርከቧ ላይም ጥቂት ተንሸራሸሩ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ጠዋት እንዲቀሰቅሱት አዝዞ ወደ ክፍሉ ገባ። በማግሥቱ አልጋው ሳይተኛበት፣ ባርኔጣውና ካፖርቱ በመርከቧ አጥር ሥር ተገኙ። ከቀናት በኋላ የኔዘርላንድ ጀልባ ሠራተኞች በባሕር ላይ አስከሬን አግኝተው፣ በኪሱ ያሉትን ጥቃቅን ዕቃዎች ወስደው አስከሬኑን እንደ መርከበኞች ልማድ ለባሕሩ መለሱት። ዕቃዎቹ የአባቱ መሆናቸውን ልጁ ኦይገን መሰከረ። በእዳ ተይዞ የነበረ መሆኑ በኋላ ስለ ታወቀ ብዙዎች በገዛ ፈቃዱ እንደ ሞተ ያምናሉ፤ ሌላ የሚሉም አልጠፉም።

ዲዝል ሲሞት ሞተሩ ገና በመንገድ ላይ አልወጣም ነበር። ነዳጁን የሚነፋው የአየር መጭመቂያ ክብደት ለመኪና የሚሆን አልነበረም። ይህን እንቅፋት ያነሡት ሌሎች ናቸው። በቤንዝ ፋብሪካ ፕሮስፐር ሎራንዥ የተባለው መሐንዲስ ያጠናው ቅድመ ማቃጠያ ክፍልና በኋላም ያለ አየር እርዳታ በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው ፖምፓ ሞተሩን አቀለሉት። በ1923ና በ1924 የመጀመሪያዎቹ የናፍጣ የጭነት መኪናዎች በጀርመን ታዩ፤ ከ1927 ጀምሮም የቦሽ ኩባንያ ፖምፓውን በብዛት እያመረተ ለገበያ አቀረበ። ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገቡት በ1930ዎቹ ከጣሊያን ወራሪ ጦር ጋር ሲሆን፣ ትሬንታ ኳትሮ የተባለው የፊያት ከባድ መኪና ስሙ በሕዝብ አፍ ከቀሩት አንዱ ነው። የጋራዥ ቋንቋም ከዚያ ወዲህ ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ማርሚታ እያለ ይኖራል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ኤንትሬውና ሌሎቹ ተከታትለው መጡ።

ታዲያ ጭስ አልባ ተብሎ የተመሰገነው ሞተር ኮልፌ ዳገት ላይ ለምን ያጨሳል? መልሱ ዲዝል በአውግስቡርግ ከተጋፈጠው ችግር ጋር አንድ ነው፤ የአየርና የነዳጅ ሚዛን። አንድ ኪሎ ናፍጣ በሚገባ ለመቃጠል ቢያንስ 14.5 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ በተግባርም ጭስ እንዳይታይ ከዚህ ብዙ የሚበልጥ አየር መኖር አለበት። የአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ በመሆኑ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ብቻ ያህላል። ከጂቡቲ ወደብ ተጭኖ የሚነሣ መኪና ቱርቦ የሌለው ከሆነ አዲስ አበባ ሲደርስ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ወደ ሩብ በሚጠጋ ተቀንሶበታል። ፖምፓው ግን የከፍታ ማስተካከያ ካልተገጠመለት ወይም በባለሙያ ካልተስተካከለ የሚረጨው ለባሕር ጠረፍ የተወሰነለትን ናፍጣ ነው። ትርፉ ነዳጅ የሚያገኘው አየር ስለሌለ ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል።

ነገሩን የሚያብሰው ቀጥሎ የሚደረገው ነው። አየር ያነሰው ሞተር ጉልበት ያንሰዋል። ሹፌሩ መኪናው ዳገት እምቢ አለ ብሎ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል፤ መካኒኩም የፖምፓውን ብሎን አዙሮ ናፍጣ ይጨምርለታል። ጉልበቱ ጥቂት ይሻሻላል፤ ጭሱ ግን ከጉልበቱ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይጨምራል። በዚህ ላይ የኖዝሉ ቀዳዳ በአገልግሎት ብዛት ይሰፋል፤ ናፍጣው መድቀቁ ቀርቶ እንደ ሽንት ይወርዳል፤ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ይደፈናል፤ መኪናው ከተፈቀደለት በላይ ሰውና ዕቃ ይጭናል። ዲዝል ከ1893 እስከ 1897 ድረስ አንድ በአንድ ያስወገዳቸው ጉድለቶች ሁሉ በአንድ አሮጌ ታክሲ ላይ ተመልሰው ይሰበሰባሉ ማለት ነው። ለቦሎ በሚደረገው የዓመት ምርመራ ሰሞን ብሎኑን መልሶ ማጥበቅና ከምርመራው በኋላ እንደገና ማላላት ደግሞ በብዙ አገር የታወቀ ዘዴ ስለሆነ፣ በዓመት አንድ ቀን የሚለካ ጭስ የዓመቱን ጭስ አያሳይም። ባለ መኪናው በዚህ ሁሉ የሚጥለው የራሱን ገንዘብ መሆኑን የሚነግረው ሰው አለማግኘቱ ለሙያው የሚያስመሰግን አይደለም።

ይህ ሲባል ግን ዲዝልን ከነቀፌታ ሁሉ ነጻ ለማውጣት አይደለም። በሚገባ የተስተካከለ የናፍጣ ሞተርም ቢሆን ሁለት የማይታዩ ነገሮችን ይለቃል። አንደኛው ዲዝል ለብቃት ሲል የመረጠው ኃይለኛ እመቃና ግለት ራሱ የሚፈጥረው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ነው። ሁለተኛው መጠኑ ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆነ፣ በዓይን የማይታይና እስከ ሳንባ ጥልቀት የሚዘልቅ ብናኝ ነው። በ1897 እነዚህን የሚለካ መሣሪያ አልነበረም፤ ሽሮተር የመዘነው ነዳጁንና ሥራውን ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር ማስከተላቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ያገባው በ2012 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የደቃቁ ብናኝ የዓመት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። በአዲስ አበባ የሚለካው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። በርግጥ ይህ ሁሉ ከመኪና የመጣ አይደለም፤ የማገዶና የከሰል ጭስ እንዲሁም የመንገድ አቧራ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን የመኪናው ጭስ የሚለቀቀው ሰው በሚተነፍስበት ቁመት፣ ታክሲ በሚጠበቅበት ቦታ፣ በትምህርት ቤት በር ላይ ነው።

በሌላው ዓለም ለእነዚህ ሁለቱ የተገኘው መፍትሔ በጭስ ማውጫው ላይ የሚገጠም ማጣሪያና የኬሚካል ማጽጃ ሲሆን፣ ሁለቱም ብዙ ድኝ ባለበት ናፍጣ አይሠሩም። ስለዚህ የመኪናው ደረጃ ከነዳጁ ደረጃ፣ የነዳጁም ደረጃ አገሪቱ ለመግዛት ከምትችለው ጋር የተያያዘ ነው። ከጅማና ከአምቦ መንገድ ከባድ መኪና የሚያስተናግደው ምዕራባዊው የከተማው በር ይህን ሸክም ከሌላው ሰፈር አብልጦ መሸከሙ አይቀርም።

በኢትዮጵያ እርምጃዎች መወሰዳቸው አልቀረም። በ2015 በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ተዘረጋ፤ ሐዲዱ ግን ያበቃው ከኮልፌ ደጃፍ ላይ ስለሆነ ተሳፋሪው የቀረውን ዳገት በታክሲ ይጨርሳል። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከአዲሱ የከበደ ታክስ ጣለ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ቀድሞ የገቡት ግን በኢትዮጵያ ጋራዥ ልማድ ሞተራቸው እየታደሰ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና በየመንገዱ ዳር ካሉት ጋራዦች ውስጥ ፖምፓውን በመሞከሪያ ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ የእያንዳንዱን ኖዝል መጠን በመለኪያ የሚያስተካክል አለ፤ ሞተሩን አስነሥቶ በጆሮው እየሰማ ብሎኑን የሚያዞርም አለ። ዋጋቸው አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው ይረክሳል፤ ሰልፉም የሚበዛው በእሱ ደጅ ነው።